«ተልኳል» ብሎኝ ነበር

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ድምፅህን ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

እናትህ ያረፉ ሰሞን ረጅም መልእክት ጽፌልህ ነበር። መልስ አልመጣም። ሐዘን ላይ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወራት አለፉ። በኋላ ቅር አለኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ባለፈው ሳምንት ፎቶ ልፈልግ ብዬ አሮጌውን ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ከፈትኩት። መልእክቱ እዚያው ቁጭ ብሏል። ጎኑ ላይ በቀይ «አልተላከም» ይላል። ያኔ ግን ላክ የሚለውን ስነካ «ተልኳል» ብሎኝ ነበር። የራይት ምልክቱን በዓይኔ አይቻለሁ። በማግስቱ ስልክ ቀየርኩና ያንን ስልክ ዳግመኛ አልከፈትኩትም። አንተ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል «አንድ ቃል እንኳን ሳይለኝ ቀረ» ብለህ ከርመሃል። ይቅር በለኝ።

ሶፍትዌር መሥራት ሙያዬ ነውና ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ምን እንደተፈጠረ መገመት አያቅተኝም። አፑ ምልክቱን ያሳየኝ መልእክቱ ሰርቨር፣ ማለትም ተቀብሎ የሚያደርሰው ኮምፒውተር፣ ጋ ሲደርስ አይደለም። ስልኩ ላይ ባለው የሚላኩ መልእክቶች ወረፋ ውስጥ ሲያስገባው ነው። ኔትወርክ አልነበረም፤ ወረፋው እዚያው ቀረ። እንዲህ የሚሠራበትን ምክንያትም አውቃለሁ። ሰው የምትሽከረከር ክብ እያየ መጠበቅ አይወድም። ስለዚህ ፈጣን እንዲመስል መልሱን ቀድመን እናሳየዋለን። እኔም ስንቴ አድርጌዋለሁ።

የስሪ ማይል አይላንዱን መብራት ታስታውሳለህ? አንድ ሰሞን ስለሱ ስናወራ አምሽተናል። እ.ኤ.አ. በ1979 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ በዚያ የኒውክሌር ማመንጫ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፈተ። እንዲዘጋ ታዘዘ፤ ግን ተጣብቆ ክፍት ቀረ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ መብራቱ ጠፋ። ሠራተኞቹም ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቱ የሚያሳየው ግን የተላከውን ትእዛዝ ብቻ ነበር፤ ቫልቩ ይዘጋ አይዘጋ አያውቅም። ማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈሰሰ። ጭራሽ ሌላ መለኪያ ውሃው የበዛ አስመስሎ ስላሳያቸው፣ ድንገተኛውን ማቀዝቀዣ ራሳቸው ቀነሱት። የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ።

ያኔ የገረመን አደጋው ነበር። አሁን የሚከነክነኝ መብራቱ ነው። የሠራው ሰው ሊዋሽ አልፈለገም። ለሱ ትእዛዙና ውጤቱ አንድ ነገር መስለውት ነው። ጥሩ ዲዛይን ምንድን ነው ብለህ ብትጠይቀኝ ዛሬ መጀመሪያ የምመልሰው ይህን ነው፦ የሆነውን ይነግርሃል፤ ካላወቀም አላውቅም ይልሃል። ቀለሙ፣ ፊደሉ፣ አቀማመጡ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በቀለም ስንት ቀን ተከራክረናል!

ደግሞ ሁሌም ጥፋቱ ተጠቃሚው ላይ መለጠፉ ያናድደኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባለው ቦምብ ጣይ አብራሪዎች በሰላም መሬት ከነኩ በኋላ ጎማውን ወደ ውስጥ እያስገቡ አውሮፕላኑን በሆዱ ያስተኙት ነበር። «የአብራሪ ስህተት» ይባል ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄዶ ሲያይ፣ የጎማውና የክንፉ ፍላፕ መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነው። ደክሞት ላረፈ ሰው እጁ በምን ይለያቸው? በአንዱ ጫፍ ላይ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ላይ ሽብልቅ መሰል ቅርጽ እንዲደረግ አደረገ። አብራሪዎቹን ማንም አልቀየራቸውም።

«እርግጠኛ ነህ?» እያለ የሚጨቀጭቀውን ሳጥን እንኳ እኔ አልወደውም። ሰው ሳያነብ «አዎ» ማለት ይለምዳል። ከሱ ይልቅ ያጠፋኸውን መመለሻ መንገድ ቢሰጥህ ይሻላል።

ስልኩን ባገኘሁ ማግስት ቢሮ ገብቼ የራሳችንን ኮድ ከፈትኩ። ሰርቨሩ ሳይመልስ «ተመዝግቧል» የሚሉ አራት ቦታዎች አገኘሁ። ሁለቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁን «በመላክ ላይ» ይላሉ፤ ሲደርስ «ደርሷል»፤ ካልሄደም ጽሑፍህን ሳያጠፉ «አልሄደም፣ እንደገና ልሞክር?» ይላሉ። አንድ ባልደረባዬ «ቀርፋፋ አስመሰልከው» አለኝ። አዎ፣ ትንሽ ይዘገያል። ግን ስንቱ ሰው በዚያች ምልክት ተማምኖ ስልኩን ኪሱ እንደሚከት አሰብኩ፤ አልመለስኩትም።

አንተ አጠገቤ ብትሆን የት ጋ እንደሚሰበር ቀድመህ ታየው ነበር። አዲስ ነገር ሳሳይህ «ኔትወርኩን አጥፍተህ አሳየኝ» ትለኝ ነበር። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር።

የዚያን ጊዜውን መልእክት ቃሉን ሳልነካ ከዚህ በታች ገልብጬልሃለሁ። ስለ እናትህ ነው፤ ስለ ሳቃቸው፣ እኔንም «ልጄ» ይሉኝ ስለነበረው። ዘግይቷል፤ ግን ያንተ ነው። ለመመለስ አትቸኩል። ብቻ ሲደርስህ «ደረሰኝ» በለኝ።

ወዳጅህ