ምንባቡ ይሰማ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ቅዳሴ ምንባብ አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው። ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክት፣ ንፍቅ (ረዳት) ዲያቆኑ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቅ ቄሱ ደሞ ከሐዋርያት ሥራ ያነባሉ፣ ከዛ ምስባኩ፣ ማለትም የቀኑ የመዝሙር ጥቅስ፣ ከዳዊት ይዜማል ከዛ ወንጌል፣ ይሄ ሁሉ የየቀኑን ምንባብ በሚያሳየው መጽሐፍ፣ በግጻዌ፣ ለቀኑ ተለይቶ የተቀመጠ ነው እንጂ እንዲያው የተገኘ ገጽ ተገልጦ አይደለም። ግን እኛ አጥቢያ መልእክቶቹ ሲነበቡ ግማሹ ሰው ገና እየገባ ነው፣ ማይኩ ይጮሃል፣ አንባቢውም ይጣደፋል። ስብከቱም ብዙ ጊዜ ከተነበበው ጋር አይገናኝም፣ እሱ ነው በጣም የሚያሳዝነኝ። እባካችሁ አባቶች፣ ዲያቆናቱ ዋዜማውን ምንባቡን ይለማመዱት፣ ሰባኪውም ከምስባኩ ይነሳ፣ እኛም ልጆቻችንን ይዘን በጊዜ እንግባ።

አንድ ምዕመን