ለቅሶ ደራሽ ቀድሞ ቢደርስ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ዓለም አቀፉ ራስን የማጥፋት መከላከያ ቀን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 10 የሚታሰብ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ምንጊዜም ጳጉሜን 5 ላይ ይውላል። ዕለቱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ የዋዜማው ዋዜማ በመሆኑ፣ እዚህ ድሬዳዋ ሰው ሁሉ ቀፊራ ገበያ በግ ሲያማርጥና ሽንኩርት ሲሸምት ቀኑ ሳይታወስ ያልፋል። ታስቦ በዋለበት ጊዜም ቢሆን በአብዛኛው የምናየው ባነር፣ አንድ ዓይነት ካናቴራና ከመድረክ የሚነበብ ንግግር ነው። ግንዛቤ መፍጠርን የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ካናቴራው ታጥቦ ቁም ሣጥን ከገባ በኋላ በየመንደሩ የሚቀጥል ሥራ ከሌለ ግንዛቤው ለምን እንደተፈጠረ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። በዚህ ደብዳቤ ለማቅረብ የፈለግሁት አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም በድሬዳዋ ያሉ እድሮችና በሐረር ያሉ አፎቻዎች (እንደ እድር ያሉ የሐረር መረዳጃ ማኅበራት)፣ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ የተረፈን ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እየተመላለሱ የመጠየቅን ኃላፊነት እንዲወስዱ ነው።

ጉዳዩ የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚለውን አስተያየት በርጫ ላይም ቡና ላይም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት ግን ይህን አይደግፍም፤ በዚያ ዓመት 727 ሺህ ያህል ሰዎች ራሳቸውን ያጠፉ ሲሆን፣ ከእነዚህም 73 በመቶው የሞቱት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆኑት ዘንድም ሦስተኛው የሞት መንስኤ ሆኗል። ምክንያቱ አንድ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ እምብዛም የለም። ድባቴ፣ ሱስ፣ የማይሽር ሕመም፣ ዕዳ፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃት፣ ከዓረብ አገር ባዶ እጅን መመለስ እርስ በርስ ተደራርበው ሰውን ያደክማሉ። ባለሙያዎች ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁለት ምልክት ግን ከዚህ በፊት የተደረገ ሙከራ ነው። ይህም ማለት ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ በጤና ተቋም ደጃፍ ያለፉ፣ በስምና በአድራሻ የሚታወቁ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከሆስፒታል ሲወጡ ምን ይገጥማቸዋል? ሐኪሞች አካልን ያድናሉ፤ አልጋው ለሌላ ታማሚ ስለሚፈለግ ሰውየው ቶሎ ይሸኛል። ቤተሰቡ ጎረቤት እንዳይሰማ "ድንገት አሞት ነው" ብሎ በሩን ይዘጋል። እቤት ውስጥም ስለ ነገሩ የሚያነሣ የለም፤ ቢነሣበት ይብስበታል ተብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ የሚገባ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ሰውን በርጋታና በርኅራኄ "ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?" ብሎ መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ እንደማይፈጥር፣ እንዲያውም ጭንቀቱን ብቻውን ለተሸከመ ሰው እፎይታ ሊሆን እንደሚችል ጥናቶች አሳይተዋል። የከፋው ዝምታው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በብራዚል፣ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በኢራንና በቻይና በሚገኙ የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ያካሄደው ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የተረፉ 1,867 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን የተለመደውን ሕክምና ብቻ ሲያገኝ፣ ለሌላው በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት ያህል ምክር ከተሰጠው በኋላ በ18 ወራት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ በስልክ ወይም በአካል ተጠይቋል። ጊዜው ሲያልቅ ራሳቸውን በማጥፋት የሞቱት ከመጀመሪያው ወገን 2.2 በመቶ፣ ከሁለተኛው ደግሞ 0.2 በመቶ ነበሩ። ጥየቃው ረጅም ሕክምና አልነበረም፤ ሰውየው እንዴት እንደሰነበተ ማወቅና ካስፈለገ ወደ ሐኪም መምራት ነበር።

የጥየቃው ሰሌዳ ይበልጥ አስገርሞኛል። በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ11ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ4ኛው፣ በ6ኛው፣ በ12ኛውና በ18ኛው ወር ነው። መጀመሪያ ላይ የሚቀራረብ፣ እየቆየ የሚራራቅ ነው። ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን የኖርን ሰዎች ይህን አቆጣጠር ለመረዳት የባዕድ አገር ሥልጠና አያስፈልገንም። የሙስሊሙም ወገን ቢሆን የሦስት ቀን ለቅሶውን ጨርሶ ሐዘንተኛውን አይተወውም። ጥሩንባ ተነፍቶ ድንኳን የሚተከለው፣ እዝን የሚወጣው፣ ተራ ወጥቶ የሚታደረው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ቤት የሚሄድ ተረኛ የለንም።

እርግጥ ነው፣ በጥናቱ ውስጥ የሚጠይቁት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ስለነበሩ የእድር አባላት ያንኑ ውጤት ያመጣሉ ብዬ ቃል አልገባም። ተራ ሰው አጭር ሥልጠና ካገኘ ምን ሊሠራ እንደሚችል ግን የዚምባብዌ መዲና ሐራሬ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው "የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር" በተሰኘው ሥራ፣ የሠለጠኑ እናቶችና አያቶች በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው ያዳምጣሉ፤ አንዱን ችግር መርጦ መላ እንዲፈልግለትም ያግዙታል። በ2016 የታተመ ጥናት ይህን ድጋፍ ያገኙ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው ካላገኙት ይልቅ መቀነሱን አረጋግጧል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለውና የአእምሮ ሐኪሞቹ እጅግ ጥቂት ለሆኑበት አገራችን ከዚህ የተሻለ መንገድ አይታየኝም። ለነገሩ ኢትዮጵያ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች መሠረታዊ የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ ማሠልጠን ጀምራለች፤ ስለዚህ ጠያቂው ችግር ሲያይ ሊያደርስበት የሚችል በር ከሰፈሩ ብዙ ላይርቅ ይችላል።

አሠራሩ ቀላልና ምስጢር ጠባቂ መሆን አለበት። ሆስፒታሉ ስም ለእድሩ ማስተላለፍ የለበትም፤ ነርሷ ታማሚውን ስትሸኘው "ማን ቢጠይቅህ ደስ ይልሃል?" ብላ ትጠይቀውና የፈቀደውን ሰው ራሱ ይምረጥ። እድሩ ሁለት ሦስት የሠለጠኑ አባላት ይኑሩት፤ እነርሱም ከዳኛውና ከገንዘብ ያዡ ውጭ ያሉ፣ አፋቸው የተቆጠበ ሰዎች ይሁኑ። የሐረር አፎቻዎች የወንዶችና የሴቶች ተብለው የተለዩ መሆናቸው እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ሴት ለሴት የምትናገረውን ለወንድ አትናገርም። በመዝገብ ላይ የሚጻፈው "ተጠይቋል" የሚል ቃል ብቻ ይሁን፤ ለምን የሚለው በየትኛውም ደብተር ላይ መግባት የለበትም። ድሬዳዋ ውስጥ ከቀዚራ የተወራ ነገር ቡናው ሳይፈላ መጋላ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

ቤተሰቦች ነገሩን የሚደብቁት ሐሜትን ብቻ ፈርተው አይደለም፤ ፖሊስ ይመጣብናል ብለው የሚሰጉም አሉ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ራሱን እንዲያጠፋ የሚገፋፋን ወይም የሚረዳን እንጂ ሞክሮ የተረፈውን ሰው አይደለም። የእድር ስብሰባ ላይ ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ማንበብ ብዙ በሮችን ሊከፍት ይችላል። የሃይማኖት አባቶችን በተመለከተ፣ ቁልቢ የሚሄደውን ወይም ቁርኣን የሚቀራለትን ሰው የሐኪም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ቢመክሩልን፣ በእኔ ግምት ከአንድ ሙሉ ዓመት ቅስቀሳ ይበልጣል።

ጠያቂው ቤት ሲገባ ሊያየው የሚገባው አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ ራስን ከማጥፋት ከሚደርሰው ሞት አንድ አምስተኛው ያህል ከፀረ ተባይ ኬሚካል ጋር የተያያዘ መሆኑን ይገምታል፤ ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ከገበያ ካስወጣች በኋላ የሞቱ መጠን በብዙ ቀንሷል። የክፉው ሐሳብ ብርታት ብዙውን ጊዜ አላፊ ስለሆነ፣ በዚያች ሰዓት አደገኛ ነገር በቅርብ አለመኖሩ ሕይወት ያተርፋል። በሐረር ዙሪያ ጫትና አትክልት የሚያለማ ቤተሰብ ኬሚካሉን፣ ከተሜውም የተረፈ መድኃኒቱን ቆልፎ ቁልፉን ለሌላ ሰው ያስይዝ። ሰውየው በግልጽ ስለ መሞት እየተናገረ ከሆነም ብቻውን ሳይተዉት በቅርብ ወዳለ የጤና ተቋም ማድረስ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ያስፈልጋል።

ለእናንተም ለጋዜጠኞች አንድ ቃል ልጨምር። ቪየና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 የዜና አዘጋገብ መመሪያ ወጥቶ ጋዜጦች በምድር ውስጥ ባቡር ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች በዝርዝር መጻፋቸውን ሲተዉ፣ በዚያ የሚደርሰው ሞት በግልጽ ቀንሷል። ስለዚህ ዘዴውንና ቦታውን መዘርዘር ቀርቶ፣ ከዜናው ግርጌ እርዳታ የት እንደሚገኝ ቢጻፍ መልካም ነው። የሟችን ፎቶግራፍና ቪዲዮ በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚያሰራጩትን ግን እናንተም እኛም በአንድ ድምፅ ልንነቅፋቸው ይገባል።

ሐሳቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አጀንዳ ሆኖ እንዲቀርብ ለእድራችን በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ከአባላት የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ የገንዘብ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ የስልክ ካርድና የባጃጅ ሒሳብ ከድንኳን ኪራይ ያንሳልና መልሱ አይቸግርም። የሚቸግረው የምስጢር አጠባበቁን በመተዳደሪያ ደንብ ላይ እንዴት መጻፍ እንደሚቻል ነው። ይህን የመሰለ ሥራ የሞከረ እድር ወይም አፎቻ ካለ፣ አንቀጹን እንዴት እንዳስቀመጠው በዚሁ ዓምድ ቢያካፍለን በእጅጉ ይረዳናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእድር ጸሐፊ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን