ስለ ድንክ ድመቶች የተዘለለው ነገር

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ድንክ ድመቶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብሁ። ማማራቸውን አልክድም፤ የእህቴ ልጅ ድመት፣ ማንችኪን የተባለው ባለ አጭር እግር ዝርያ፣ ስትሮጥ ሆዷ ምንጣፉን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ እኔም ሳልስቅ አላልፍም። ሶፋ ላይ ለመውጣት ግን ጨርቁን ቧጥጣ ትንጠለጠላለች። ጽሑፋችሁ የዘለለው ነገር አለ፦ እግሯን ያሳጠረው የዘር ለውጥ ከእናትም ከአባትም ከተወረሰ ጽንሱ ገና በማኅፀን ይሞታል። ፊፌ የተባለው ዓለም አቀፍ የድመት ማኅበር ዝርያውን ያልተቀበለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሲንጋፑራ የተባለችው ትንሽ የድመት ዝርያ ሌላ ናት፤ እግሯ የተስተካከለ፣ ሴቷ 2 ኪሎ ገደማ ብቻ የምትመዝን። እርሷም ብትሆን ቀይ የደም ሴሎችን ያለ ዕድሜያቸው የሚያጠፋ የዘር በሽታ ይታይባታል።

«የሻይ ስኒ ድመት» እየተባለ የሚሸጠውስ? እርሱማ ዝርያ እንኳ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የቀጨጨን ከቀጨጨ ማዳቀል ነው። ሻጩ ፎቶግራፍ ሲልክላችሁ የወላጆቹን የጤና ምርመራ ውጤት ጠይቁት።

የዘወትር አንባቢያችሁ