በሙቀት ወራት ፓምፑን አታጥፉ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የባሕር ዓሣና ኮራል (ብዙውን ጊዜ ድንጋይ መሳይ አፅም የሚሠራ የባሕር እንስሳ) በቤታቸው ስለሚያሳድጉ ሰዎች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ ስለሆነ ቦታ ሰጥታችሁ ማውጣታችሁ ያስመሰግናችኋል። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የበጋውን ሙቀት በሚመለከት «ውኃው ሲሞቅ በረዶ ጨምሩበት፤ ሙቀት የሚያመነጩ መሣሪያዎችንም ሌሊት ሌሊት አጥፉ» ብሎ ያለፈው ምክር እንዳለ ሥራ ላይ ቢውል ከሚያድነው የሚያጠፋው ስለሚበዛ፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም። ይህን ስል ከንባብ ያገኘሁትን ብቻ ይዤ አይደለም፤ ያንኑ ምክር በገዛ ገንዳዬ ላይ ፈጽሜ ውጤቱን አይቼዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሙቀቱ በጠናበት አንድ ሳምንት፣ የ400 ሊትር ገንዳዬ ውኃ ከወትሮው 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ 29 ደረሰ። ኮራሎቹን የሸጠልኝን ሰው ባማክረው ውኃውን የሚያዘዋውሩት ፓምፖች ራሳቸው ስለሚያሞቁት ሌሊቱን አጥፍቻቸው እንዳድር ነገረኝ። ነገሩ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ውኃ ውስጥ የተነከረ ፓምፕ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ እዚያው ውኃው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሁሉንም አጥፍቼ ተኛሁ። ንጋት ላይ ስነሣ ቴርሞሜትሩ 28 ዲግሪ ያሳያል። ገንዳው ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነበር። ክላውንፊሽ የሚባሉት ሁለቱ ዓሦቼ ውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ደቅነው በፍጥነት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ከውኃው በላይ ወጥተው የመስተዋቱ ጠርዝ ላይ ተለጥፈዋል፤ ለአምስት ዓመት ያሳደግሁት ታንግ የሚባለው ቢጫ ዓሣ አሸዋው ላይ በጎኑ ተጋድሟል፣ ስንጥቡም አይንቀሳቀስም። ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በወረደበት በዚያው ሌሊት ዓሣዬ ታፍኖ ሞተ።

ምክንያቱን ከተረዱት በኋላ ቀላል ነው። ውኃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ያንሳል። መደበኛ ጨው ያለው የባሕር ውኃ 25 ዲግሪ ላይ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ 30 ዲግሪ ላይ የሚይዘው ወደ 6.2 ይወርዳል። ልዩነቱ ለብቻው ሲታይ ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው አቅርቦቱ በሚቀንስበት በዚያው ሰዓት ፍላጎቱ መጨመሩ ነው፤ የዓሣውም፣ የኮራሉም፣ ድንጋዩና አሸዋው ውስጥ የሚኖሩት የባክቴሪያዎቹም ሰውነት ሙቀት ሲጨምር በፍጥነት ስለሚሠራ ሁሉም አብዝተው ይተነፍሳሉ። በዚህ ላይ ሌሊት አለ። ቀን ቀን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች (ተክል መሳይ ሕያዋን) በብርሃኑ ኃይል ኦክስጅን ያመርታሉ፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ማምረቱ ቆሞ እነሱም እንደ ሌላው ተጠቃሚ ይሆናሉ። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከሁሉ ሰዓት የሚያንሰው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። እኔ ፓምፑን ያጠፋሁት በትክክል ገንዳው ፓምፑን ከመቼውም በላይ በሚፈልግበት ሰዓት ነበር።

ኦክስጅን ወደ ገንዳ የሚገባው በዋናነት በውኃው ገጽ በኩል ነው። ገጹ እንደ መስተዋት ረግቶ ከቆመ ከሥር ያለው ውኃ አየር ሳያገኝ ይከርማል። እንግዲያው ሙቀት ሲመጣ የሚሻለው አንዱን ፓምፕ ወደ ላይ አቅንቶ ገጹ ሌት ተቀን እንዲነቃነቅ ማድረግ ነው። ቆሻሻን በአረፋ የሚለየው ስኪመርም ብዙ አየር ከውኃው ጋር ስለሚያደባልቅ በዚህ ወቅት ፈጽሞ መቆም የለበትም። ፓምፑ የሚጨምረው ሙቀት የሚካካስበት ሌላ መንገድ አለ፤ ያመለጠ ትንፋሽ ግን አይመለስም። መብራት ሲቋረጥም የመጀመሪያው ሥጋት ይኸው ስለሆነ፣ በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ከነድንጋዩ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። እሱ በሌለበት በንጹሕ ጆግ ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ጊዜ ይገዛል። እኔ አንድ ምሽት ሦስት ሰዓት ያህል እንዲህ አድርጌ ሁሉንም አትርፌአለሁ።

አሁን ወደ በረዶው ልምጣ። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስከ 26 ዲግሪ እስኪሞቅ ድረስ ከውኃው የሚወስደው ሙቀት 440 ኪሎጁል ገደማ ነው። ይህ የእኔን የ400 ሊትር ገንዳ የሚያቀዘቅዘው በሩብ ዲግሪ ብቻ ነው። ያው አንድ ኪሎ በ40 ሊትር ገንዳ ውስጥ ሲገባ ግን በአጭር ጊዜ ከሁለት ዲግሪ ተኩል በላይ ይጥለዋል። በትልቁ ገንዳ አይረባም፣ በትንሹ ደግሞ አደገኛ ነው ማለት ነው። በረዶው በቀጥታ ከተጨመረ ከቧንቧ ውኃው ጋር ክሎሪን ይገባል፣ ጨውም ይቀጥናል። የግድ ከሆነ በታሸገ የፕላስቲክ ጠርሙስ የረጋ በረዶ ብቻ፣ አንድ በአንድ፣ እጅግ በዝግታ መንሳፈፍ አለበት። ሲሞቅ የሰነበተ እንስሳ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ሕመም ይጨመርበታል። ለሰዓታት ተከፋፍሎ አንድ ዲግሪ ከወረደ በቂ ነው።

በረዶ የማይሠራውን ትነት ይሠራዋል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን 2,400 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ከ5 ኪሎ በረዶ የበለጠ ያቀዘቅዛል፤ ያውም ድንገተኛ ሳይሆን ቀስ እያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ተራ ማራገቢያ ነው፤ ነፋሱ የውኃውን ገጽ አግድም እንዲጠርግ ተደርጎ ይተከላል። የገንዳው ክዳን ይነሣና ዓሣ እንዳይዘልል በምትኩ ሳሳ ያለ መረብ ይደረጋል። አየሩ ደረቅ በሆነበት ቦታ ይህ ብቻውን ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሊያወርድ ይችላል። አየሩ እርጥብ በሆነበት ቦታ ግን ኃይሉ ይደክማል፤ መስኮት ተዘግቶ የተነነው እርጥበት ክፍሉ ውስጥ ከታመቀም እንደዚሁ። ስለዚህ ማራገቢያው ሲከፈት ክፍሉም መተንፈሻ ይፈልጋል።

ማራገቢያ የጀመረ ሰው ግን አንድ ዕዳ አብሮ ይገባል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ከ400 ሊትር ላይ በቀን 8 ሊትር ቢተንና ማንም ሳይተካው አምስት ቀን ቢያልፍ፣ በኪሎ 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 39 ግራም ይጠጋል፤ ይህ ደግሞ ሙቀቱ የተወውን ኮራል ለመጨረስ ይበቃል። መተካት ያለበት ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ነው። ጨዋማ ውኃ የሚጨምሩ ጀማሪዎች ሁልጊዜ ያጋጥሙኛል፤ «የባሕር ገንዳ ነውና የባሕር ውኃ ይገባዋል» ብለው ስለሚያስቡ አልፈርድባቸውም። ጧትና ማታ ጥቂት ጥቂት መጨመር በሳምንት አንድ ጊዜ በባልዲ ከመገልበጥ እጅግ ይሻላል። በሙቀት ወራት ደግሞ የተጣራ ውኃ ክምችትን ከወትሮው እጥፍ ማድረግ ይገባል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው ነገር ብርሃን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊነሣ የሚገባው እሱ ነው ባይ ነኝ። ኮራል የሚነጣው በሙቀት ብቻ ሳይሆን ሙቀትና ኃይለኛ ብርሃን ሲተባበሩበት ነው። በኮራሉ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች ብርሃንን ወደ ምግብ የሚለውጡበት ሥርዓት በሙቀት ሲታወክ፣ የሚደርሳቸው ብርሃን ምግብ መሆኑ ቀርቶ የኮራሉን ሕዋሳት የሚጎዱ የኦክስጅን ውጤቶችን ያስከትላል። ኮራሉም ራሱን ለማዳን አልጌዎቹን አውጥቶ ይጥላቸዋል። ቀለሙ አብሯቸው ስለሚሄድ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያየ ባለቤት ብዙውን ጊዜ «ብርሃን አንሶት ይሆናል» ብሎ መብራቱን ይጨምራል፤ ይህም ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው። የመብራቱን ኃይል መቀነስ፣ የሚበራበትን ሰዓት ማሳጠር፣ በታይመር ወደ ምሽቱ ማዛወርና በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ በመጋረጃ መከለል ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከሁሉም መሣሪያ በፊት ሊሞከር የሚገባውም እሱ ነው።

የነጣ ኮራል የሞተ ኮራል አለመሆኑንም አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ቀረብ ብለው በማጉያ መነጽር ቢመለከቱት፣ በነጩ አፅም ላይ እንደ ረጠበ ብርጭቆ የጠራ ስስ ሥጋ ተነጥፎበት፣ ጥቃቅን ጣቶቹም ነፋስ እንደነካቸው ሲወዛወዙ ያያሉ። ሥጋው ተልጦ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ አልጌ ከሸፈነው በእርግጥ ሞቷል። ያ እስኪሆን ድረስ ግን በሕይወት አለ፤ የተቸገረው በረሃብ ነው። ብዙዎቹ ኮራሎች ከሚያስፈልጋቸው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የሚያገኙት ከአልጌዎቹ ነበርና። በደብዛዛ ብርሃን፣ በተረጋጋ ውኃ፣ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ እጅግ ደቃቅ የሆነ የፕላንክተን (በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) ምግብ እየሰጡ ቢጠብቁት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ቀለሙ ሊመለስ ይችላል። እኔ አንድ የኮከብ ቅርጽ ያለው ኮራል አራት ወር ጠብቄ መልሶ አረንጓዴ ሲሆን አይቻለሁ። ያኔ ነጭ ሆነ ብዬ አውጥቼ ጥዬው ቢሆን ኖሮ ሕያው ነገር እየጣልሁ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር።

አንድ ዲግሪ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሳየት ባሕሩን ልጥቀስ። ተመራማሪዎች የኮራል መንጣት ሥጋት ይጀምራል የሚሉት የባሕሩ ሙቀት በዚያ ስፍራ ከሁሉ ይልቅ የሚሞቀው ወር አማካይ ከሆነው በላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ሲጨምር ነው። በዚህ ዓይነት መጠነ ሰፊ መንጣት ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሚባለው የአውስትራሊያ ሰፊ የኮራል ስፍራ ከ2016 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ብቻ አምስት ጊዜ ደርሷል (ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። በ2023 በጋ በፍሎሪዳ ባሕሩ እጅግ ሲሞቅ ባለሙያዎች ኮራሎችን እየነቀሉ በየብስ ወዳሉ ገንዳዎች አሽሽተዋቸዋል። ባሕር ሲከፋበት ገንዳ መጠጊያ በሆነበት ዘመን፣ በቤታችን ያለው ገንዳ በአንድ የሙቀት ሳምንት ወጥመድ እንዲሆን መፍቀድ የለብንም።

ገንዘቡ ያለው ሰው ውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን ቢገዛ እሰየው። ነገር ግን ማሽኑ ከውኃው የወሰደውን ሙቀት ወደ ክፍሉ ስለሚተፋ በገንዳው ሥር ባለ ዝግ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ይደክማል። የክፍል አየር ማቀዝቀዣም ጥሩ ነው፤ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ሲውል ግን የሰው እስትንፋስ ስለሚከማች የውኃው ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ይወርዳል፣ ስለዚህ ጧት ጧት መስኮት መክፈት ይረዳል። ማሞቂያውንም መርሳት አይገባም። ቴርሞስታቱ (ሙቀቱ ሲበቃ የሚያጠፋው ክፍል) ተጣብቆ ሳይጠፋ የቀረ ማሞቂያ በበጋ ማንም ሳይጠረጥረው ገንዳውን ይቀቅላል፤ ሌሊቱም የሚሞቅ ከሆነ ነቅሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ምግብም በመጠኑ ይቀነስ፤ ከተረፈ ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ውኃው በሞቀ ቁጥር መርዛማነቱ ይጨምራል።

በጠቀስሁት ሁሉ ግን አንድን ቁጥር ማሳደድ አይገባም። ቀን 29 ሌሊት 25 እየሆነ ከሚዋልል ውኃ ይልቅ 27 ተኩል ላይ ጸንቶ የሚውልና የሚያድር ውኃ ለኮራል ይስማማዋል። ለዚህም ሙቀቱን ንጋት ላይና ከሰዓት በኋላ መዝግቦ ሁለቱን ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ የቴርሞሜትሩንም ታማኝነት በሌላ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ይገባል።

ለሻጮችም አንድ ነገር ብል ደስ ይለኛል። ኮራል ለአዲስ ሰው ከመሸጣችሁ በፊት «በሙቀት ወራት ውኃህን በምን ታቀዘቅዛለህ? መብራት ቢቋረጥስ ዓሣህ በምን ይተነፍሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው ማራገቢያውንና የባትሪውን ፓምፕ አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ ብትነግሩት፣ ገዢያችሁን አታጡም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።

የዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ ሙቀቱ እየበረታ ስለሆነ ይህን እርማት ሳይዘገይ በሚቀጥለው እትም እንዲያወጣልኝ ነው። ጽሑፉን አንብቦ ዛሬ ማታ ፓምፑን አጥፍቶ ለመተኛት ያሰበ ሰው ሊኖር ይችላል፤ መብራቱን ያጥፋ፣ ማራገቢያውን ይክፈት፣ ፓምፑን ግን እንዳይነካው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ