አንድ ቁጥር አይበቃም፣ አካሄዱን እንይ

ሰላም ውድ አባላት፣

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ስለሚያጋጥመን የሳንባ ምች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ነው የምጽፈው። ሕመምተኛው ሆስፒታል ከገባ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚጀምረውን ማለቴ ነው።

የደም ምርመራ የሕመምተኛውን ዕጣ ይጠቁማል ወይ? አዎ፣ ግን ደጋግመን ስንለካው ነው። ፕሮካልሲቶኒን፣ ማለትም በባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜ በደም ውስጥ የሚበዛው ፕሮቲን፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጨምራል። ኢንፌክሽኑ ሲሸነፍ ደግሞ በየቀኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሲአርፒ፣ ሰውነት ሲቆጣ በደም ውስጥ የሚጨምረው ሌላ ፕሮቲን፣ ዘገም ይላል፤ ጫፍ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይፈልጋል። ሕክምና ከተጀመረ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ሁለቱም አልወርድ ካሉ እኔ በጣም እሰጋለሁ። መድኃኒቱ ጀርሙን አልነካው ይሆን? መግል የቋጠረ ቦታ አለ? ወይስ ሌላ ኢንፌክሽን ተደርቦ ይሆን?

ቁጥሩ ሊያሳስትም ይችላል። ከባድ ቀዶ ሕክምናና የአካል ጉዳት ኢንፌክሽን ሳይኖርም ፕሮካልሲቶኒንን ከፍ ያደርጉታል። ኩላሊት ሲደክምም እንዲሁ። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ስለዚህ ጉበቱ በጣም የተጎዳ ሰው ላይ ዝቅ ብሎ ብታዩት እባካችሁ አትዘናጉ።

ከ2 ሚሊሞል በሊትር በላይ ወጥቶ የማይወርድ ላክቴት (ሰውነት በቂ ኦክስጅን ሲያጣ በደም ውስጥ የሚከማች ንጥረ ነገር) እና ዝቅተኛ አልቡሚንም (የደም ዋና ፕሮቲን) መጥፎ ምልክት ናቸው።

የአሜሪካ የኢንፌክሽን በሽታዎች ማኅበርና የቶራሲክ (የደረት ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት መመሪያ፣ አንቲባዮቲክ ለመጀመር በሕመሙ ምልክቶች ላይ እንጂ በፕሮካልሲቶኒን ላይ እንዳንመሠረት ይመክራል። ለማቆም ግን ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር አብሮ ቢታይ ይረዳል።

ከአሁን በኋላ ስለ አንድ ሕመምተኛ ስትጠይቁ የየቀኑን ውጤት ከነቀኑ ላኩልኝ።