ፍራንክፈርት ላለችው ልጄ

የኔ እናት፣ እንኳን ለልደትሽ አደረሰሽ! ወንድምሽ ለእንግዶች ልታስጎበኚ ያዘጋጀሽውን ጽሑፍ አነበበልኝ፤ የስልኩ ፊደል ለዓይኔ ያንሳል። «አይሁዶቹ ራሳቸውን አግልለው በዩደንጋሰ ይኖሩ ነበር» ብለሻል። እንዲህ አትበይ።

በ1462 (ዓመቶቹም ቀኖቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የከተማው ምክር ቤት፣ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛ ሲጫነው፣ ከካቴድራሉ አጠገብ አንስቶ ከአሮጌው ግንብ ውጭ፣ ዩደንጋሰ («የአይሁድ ቅያስ») በተባለው ጠባብ ጎዳና አሰፈራቸው። ሦስት በር ነበረው፤ ማታ፣ እሑድና በክርስቲያን በዓል ይዘጋል። ቅያሱ 330 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ስፋቱ ሦስት አራት ሜትር ነው። ሲገቡ መቶ ሰው ገደማ ነበሩ፤ በ1610 አካባቢ ከሁለት ሺህ ተኩል በላይ። ሰው በዛ፣ መሬቱ ግን ያው ነው። አንዱ ቤት ለሁለትና ለሦስት ተከፈለ፤ በጓሮ ሌላ ረድፍ ተሠራ፤ ፎቁ ወደ ቅያሱ እየገፋ ብርሃን ከለከለ። ቤቱ የሚታወቀው በምልክቱ ነበር፤ የባንክ ባለቤቶቹ የሮትሺልድ ቤተሰብ ስምም «ቀይ ጋሻ» ከሚባለው ቤት መጣ፣ ቤት ሲቀይሩም አብሯቸው ሄደ። ይህን እንግዶች ይወዱታል፣ ግን አታርዝሚው።

ሰኞ የዩደንጋሰ ሙዚየም ዝግ ነው፤ ሰው ቀጥረሽ እንዳታፍሪ። ካፖርትሽንም ልበሺ።

ጥፋቱ የኔም ነው። ሳስተምርሽ ከሂትለር ጀመርኩልሽ፣ ከዚያ በፊት ያለውን ዘለልኩት። በነሐሴ 1614 ዳቦ ጋጋሪው ቪንሰንዝ ፌትሚልኽ የመራው ሕዝብ በሩን ሰብሮ ቅያሱን ዘረፈ። አይሁዶቹ መቃብር ስፍራቸው ውስጥ ተጠልለው አደሩ፣ በማግስቱ ከከተማ ተባረሩ። በየካቲት 1616 ፌትሚልኽ ተገደለ፤ እነሱም በዚያው ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ታጅበው ተመለሱ። በበሮቹ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጥበቃ ምልክት የሆነው ንስር ተሰቀለ። ግን የዚያው ዓመት ደንብ ከ500 ቤተሰብ በላይ እንዳይኖር፣ በዓመት ከ12 ጋብቻ በላይ እንዳይፈጸም አለ። የሚጠብቃቸውም የሚቆጥራቸውም አንድ ነበር። ሠርጉን በኮታ የሚጠብቅ ሰው ራሱን አገለለ ይባላል? አትበይ ብያለሁ።

በሩን ከውስጥ ዘጉት የሚል ቢከራከርሽ፣ አዎ፣ አንድ ሌሊት ዘግተዋል። ጥር 14 ቀን 1711 እሳቱ ከዋናው ረቢ ከናፍታሊ ኮኸን ቤት ተነሣ። ቤቶቹ የእንጨት ናቸው፤ በመሀላቸው እሳት የሚያቆም የድንጋይ ግድግዳ የለም፤ ነፋሱም ብርቱ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን ዘራፊ ይገባብናል ብለው በሩን ቶሎ አልከፈቱም። ለምን እንደፈሩ ከ1614 አንብቢ። በ24 ሰዓት ውስጥ ቅያሱ ከሞላ ጎደል አመድ ሆነ።

በይ የኔ ልጅ፣ ዛሬ የምታዪውን ጎዳና «ይኸው ዩደንጋሰ» እያልሽ አታሳዪ። ሰሜኑን በ1796 የፈረንሳይ መድፍ አቃጠለው፣ የቀረው ከሞላ ጎደል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረሰ። እውነተኛውን የምታገኚው ሙዚየሙ ውስጥ ነው፤ በ1987 ለሕንፃ ሲቆፈር ከወጣው መሠረት የአምስት ቤቶቹ ተጠብቋል። አጠገቡ ያለውን መቃብርም አትለፊው፤ ከድንጋዮቹ ጥንታዊው በ1272 የቆመ ነው፣ ቅያሱ ከመኖሩ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። በከተማው መሀል እንደኖሩ ምስክርሽ እሱ ነው። ድንጋዮቹ ላይ ግን አትቀመጪ፣ እንግዳም አታስቀምጪ።

በርበሬው ከአክስትሽ ጋር መጥቶልሻል፤ እርጥበት እንዳይገባው በጠርሙስ አድርጊው። ያቺን ዐረፍተ ነገር አስተካክለሽ ለወንድምሽ ላኪለት፣ ያነብልኛል።

እናትሽ