ካዝናው ቢነቀልም ጥይት ሊቀር ይችላል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። በቅርቡ የጦር መሣሪያ አያያዝ ሥልጠና ወስጄ ነበር። እኛ መንዞች ከጠመንጃ ጋር ነው ያደግነው፤ ምን አዲስ ነገር ሊነግሩኝ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። የክላሽ ካዝና ተነቀለ ማለት መሣሪያው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ተቀባብሎ ከነበረ አንዷ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ትቀራለች። መጀመሪያ ካዝናውን መንቀል፣ ከዚያ ማቀባበያውን ስቦ የቀረችውን ማስወጣት፣ ከዚያ ውስጡን በዓይን ማየት ነው። ካዝናው ሳይነቀል ከተሳበ ሌላ ጥይት ይጎርሳል። እኔ ስንት ዓመት ካዝናውን ብቻ እየነቀልኩ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ! ልጆቼ የሚተኙት እዚያው ሥር ነው።

ሌላው የሠርግና የለቅሶ ተኩስ ነው። ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት ተመልሳ ትወርዳለች፤ ሰውም ትገድላለች። ለአባቶቻችን ክብር እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም አባቴን ስቀብር ተኩሻለሁ። ከእንግዲህ ግን አልተኩስም።

በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያወጣን ብዙ ነን። ይህን የምናውቀው ግን ስንታችን ነን? እባካችሁ በተከታታይ ጻፉበት። ቀበሌዎችም በገበያ ቀን፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ በተግባር ያሳዩን።